ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የኅዳር በሽታ

ኅዳር 12 ቀን በኮልፌ ቀራንዮ ያለፈ ሰው በየደጁ የተከመረው ጥራጊ ሲቃጠልና ጢሱ ሰፈሩን ሲያለብሰው ያያል። ልጆች በእሳቱ ይደሰታሉ፤ ጢሱ ዓይኑን የቆጠቆጠው መንገደኛ ያማርራል፤ ነገሩ የለቅሶ መታሰቢያ መሆኑን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በ1911 ዓ.ም. በወርኃ ኅዳር፣ ዓለምን ያዳረሰው የግሪፕ ወረርሽኝ በአዲስ አበባ ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ጨርሷል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ በጽኑ ታመው ነው የተረፉት። አስታማሚና ቀባሪ ከመታጣቱ የተነሣ የብዙ ሰው ሬሳ የጅብ ሲሳይ ሆነ። በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ።

ዘመናዊ ሕክምና የተማረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ በዚያ ወር የት ነበር ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ በሩቅ አገር፣ በበርማ የሚል ነው። ስለዚህ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ሕይወት በአጭሩ ልናወሳ ወደድን።

ወርቅነህ በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ገና ሕፃን ሳሉ ከወላጆቻቸው ተለይተው ተገኙ። አንድ የጦር መኰንን ወደ ህንድ ወሰዳቸው፤ እርሱ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን አስተማራቸው። ቻርልስ ማርቲን ተብለው በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ ትምህርታቸውንም በስኮትላንድ ቀጠሉ፤ ከዚያ በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ።

ከአድዋ ድል በኋላ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አገራቸውን ፍለጋ መጡ። አያታቸው በገላቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው፤ የጠፋው ስማቸውም ተመለሰላቸው። የረሱትን አማርኛም እንደ ተማሪ እንደገና አጠኑ። ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቂት ዓመታት በአዲስ አበባ ሲያክሙ ቆይተው ወደ በርማ ተመለሱ፤ የኅዳር በሽታ የገባውም እርሳቸው በዚያ ሳሉ ነው።

እኛ አንድ ሐኪም ያን ሁሉ ሕዝብ ያድን ነበር አንልም። ለበሽታው በለንደንም በፓሪስም መድኃኒት አልተገኘለትም ነበር። ነገር ግን በሽተኛን ለይቶ ማስተኛት፣ ውሃና ምግብ ማቅረብ፣ ሬሳን በጊዜው መቅበር፣ ሕዝቡን በቋንቋው መምከር አስቀድሞ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ ሰው ደግሞ በመቅሠፍቱ ቀን አይሠለጥንም።

ወርቅነህ ወረርሽኙ ባለፈ በዓመቱ ግድም ለሁልጊዜው ወደ አገራቸው ገቡ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊው ሆኑ፤ ጂኦግራፊንም በአማርኛ ጻፉ። በኋላ የጨርጨር ገዥ፣ በጣሊያን ወረራም ዘመን በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ሁለት ልጆቻቸው፣ ብንያምና ዮሴፍ፣ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ተገደሉ። እርሳቸው በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና መግባቱ ሲነገር፣ አገሪቱ እዚሁ የተማሩ የራሷ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ላቦራቶሪዎች ነበሯት። ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም፣ ከ1911ዱ ባዶነት ጋር ሲተያይ ልዩነቱ የትምህርት ፍሬ ነው። ያም ሆኖ በመዝገብ የሰፈሩት ብቻ ከ7 ሺህ 500 የሚበልጡ ወገኖች ሞተዋል፤ ብዙዎቹም በጥቂት ሰው ብቻ ተሸኝተው፣ ዕድርተኛ ሳይሰበሰብላቸው ተቀብረዋል።

እንግዲህ ተማሪውና ወጣቱ ሹም ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛው በደኅናው ቀን መማርና ማዘጋጀት ነው፤ ሁለተኛው የሞቱትን በስማቸው መዝግቦ ማቆየት ነው። የ1911ዱ ሙታን የብዙዎቹ ስም ስላልተጻፈ፣ የቀረላቸው መታሰቢያ የኅዳር ጢስ ነው። የእኛ ዘመን ሙታን ግን ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ገና በሕይወት አለ።