ሮበርት ሹማንና ደስ ያለው ገበሬ

ሮበርት ሹማን በፈረንጆች ቁጥር በ1810 ዓመት በጀርመን አገር፥ ጽቪካው በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ መጻሕፍት የሚያሳትምና የሚሸጥ ሰው ነበረ። ልጁም ገና በሕፃንነቱ ፒያኖ መምታት ተማረ። ፒያኖ ማለት ነጭና ጥቁር መምቻዎቹን በጣት ሲጫኑአቸው፥ በውስጡ ያሉት ትናንሽ መዶሻዎች አውታሮቹን እየመቱ ድምፅ የሚሰጥ ትልቅ የዜማ ዕቃ ነው።

አባቱ በ1826 ዓመት ሞተ። እናቱም ልጅዋ በዜማ እንጀራውን አያገኝም ብላ ስለ ፈራች፥ ሕግ እንዲማር ወደ ላይፕሲግ ሰደደችው። እርሱ ግን ከሕጉ መጽሐፍ ይልቅ ፒያኖውን ይወድ ነበር። በ1830 ዓመት እናቱን አስፈቅዶ ሕጉን ተወና ቪክ የሚባል የታወቀ መምህር ዘንድ ገባ። ምኞቱም ከታላላቆቹ ፒያኖ መቺዎች አንዱ ለመሆን ነበረ።

ብዙም ሳይቈይ ከቀኝ እጁ አንዱ ጣት አልታዘዝ አለው። ልዩ ልዩ መድኃኒት ቢሞክርም አልዳነም። ሌት ተቀን የደከመበት ምኞት በአንድ ጣት ምክንያት ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሌሎች የሚመቱትን ዜማ ለመድረስ ተቀመጠ። የመምህሩ ልጅ ክላራ እጅግ የሠለጠነች ፒያኖ መቺ ነበረችና የእርሱን ዜማ በሕዝብ ፊት ታሰማ ጀመር። አባትዋ ጋብቻቸውን ስለ ከለከለ ነገሩ እስከ ዳኛ ደረሰ፤ በ1840 ዓመት ግን ተጋቡ።

በ1848 ዓመት የበኵር ልጃቸው ማሪ ሰባት ዓመት ሲሞላት፥ ሹማን ለልደትዋ ቀን ስጦታ የሚሆኑ አጫጭር ዜማዎች ጻፈላት። ሥራውም እየጨመረ ሄዶ 43 ዜማዎች ያሉበት የልጆች መጽሐፍ ሆነ። ከእነዚህ ዐሥረኛው፥ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ደስ ያለው ገበሬ የሚል ስም አለው። ለመምታት አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጃል። በብዙ ዜማ ቀኝ እጅ ይመራል፥ ግራ እጅ ይከተላል፤ በዚህ ግን ነገሩ ተገልብጦአል። ገበሬው በወፍራም ድምፁ የሚዘፍነው በግራ እጅ ነው። ቀኝ እጅ በየመካከሉ አጫጭርና ቀላል ድምፅ ጣል እያደረገ ያጅበዋል፤ ከመካከል ላይ ብቻ ጥቂት አብሮት ይዘፍናል። ለጀማሪ ልጅ ይህ ቀላል አይደለም፤ ቀኝ እጅ መጮኽ ለምዶአልና ዝቅ ማለትን በብዙ ድካም ይማራል። ዝቅ ካላለ ገበሬው አይሰማም።

ይህን የደስታ ዜማ የደረሰው ሰው ግን ራሱ በጭንቀትና በሐዘን መንፈስ ብዙ ጊዜ ይታመም ነበር። በ1854 ዓመት ሕመሙ ስለ ጸናበት በቦን ከተማ አጠገብ ወዳለ የሕሙማን ቤት ገባ፤ በ1856 ዓመትም በ46 ዓመቱ በዚያ ሞተ። ክላራ ሰባት ልጆች ይዛ ቀረች። ከአገር ወደ አገር እየዞረች፥ ፒያኖ እየመታችና የባልዋን ዜማ እያሰማች አሳደገቻቸው። በስተ እርጅናዋም በፍራንክፈርት ከተማ በሚገኝ የዜማ ትምህርት ቤት መምህር ሆነች። በዚያም ረዳትዋ ሆና ፒያኖ ያስተማረችው፥ በሰባት ዓመትዋ ያን ስጦታ የተቀበለችው ማሪ ነበረች።