ያኑሽ ኮርቻክ

ብዙ ልጆችን ለአንድ ወር ያህል እንድትጠብቁ ኃላፊነት ቢሰጣችሁ ሥራችሁን በምን ትጀምራላችሁ? በቁጣ ነው ወይስ በጨዋታ? ያኑሽ ኮርቻክ የተባለው የፖላንድ ሐኪምና ደራሲ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው።

ኮርቻክ በ1870ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዋርሶ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የተጸውዖ ስሙ ሄንሪክ ጎልድሽሚት ሲሆን ኮርቻክ የብዕር ስሙ ነው። የሕክምና ተማሪ ሳለ በ1904፣ የድኾችን ልጆች ወደ ገጠር ወስዶ የሚያሳርፍ አንድ ማኅበር ሚሃውፍካ በተባለ ሰፈር የልጆች ኃላፊ አደረገው። የእኛ ክረምት ለእነርሱ በጋ ስለ ሆነ፣ ልጆቹ የትምህርት ዕረፍታቸውን የሚያሳልፉት በሜዳና በጫካ ውስጥ ነበር።

ወጣቱ ኃላፊ ጨዋታና ተረት አዘጋጅቶ ነበር፤ የልጆቹን ጠባይ ግን አላወቀም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ትርምስ ሆነ። ሌሊት በመኝታ ክፍል ሁካታ ቢነሣ ተቆጣ፤ አስፈራራም፤ ልጆቹም አደሙበት። በኋላ ግን አጠገባቸው ተቀምጦ ቅሬታቸውን ጠየቃቸው። ልጆችን ማዘዝና ከልጆች ጋር መነጋገር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳው ያን ጊዜ ነው። በሌላ ጊዜ ወደ ሰፈሩ ሲሄድ የልጆቹን ስም አስቀድሞ አጠና። ልጆቹም ጠባቸውን ራሳቸው በዳኝነት እንዲፈቱ አደረገ። በ1908 ደግሞ የክርስቲያን ልጆችን በሌላ ሰፈር ጠበቀ፤ ስለ ሁለቱም ሰፈሮች መጻሕፍት ጻፈ።

ከዚያ ያገኘው ትምህርት በከንቱ አልቀረም። በ1912 ከስቴፋኒያ ቪልቺንስካ ጋር በዋርሶ ማስተዳደር በጀመረው የእጓለ ማውታ ማሳደጊያ ውስጥ የልጆች ፍርድ ቤት ተቋቋመ። ሕጉ ከቅጣት ይልቅ ይቅርታን ያስቀድም ነበር። አሳዳጊም ቢበድል ይከሰሳል፤ ኮርቻክ ራሱ በልጆቹ ፊት ተከሶ ቆሟል። ይህም ክብሩን አልቀነሰበትም፤ ሕግ ለትልቁም ለትንሹም አንድ መሆኑን ልጆቹ ከእርሱ ተማሩ።

ናዚዎች ፖላንድን ከያዙ በኋላ ማሳደጊያው በ1940 በግንብ ወደ ታጠረው የአይሁድ ሰፈር እንዲዛወር ተገደደ። ወዳጆቹ ኮርቻክን ሊያስመልጡት ቢሞክሩም ልጆቹን ጥሎ ለመሄድ እምቢ አለ። በኦገስት ወር 1942፣ ወደ ሁለት መቶ ከሚጠጉ ልጆችና ከቪልቺንስካ ጋር ትረብሊንካ ወደተባለው የእልቂት ስፍራ ተወስዶ ከእነርሱ ጋር ሞተ።

ከእናንተም መካከል በዕረፍት ጊዜ ታናናሾቻችሁን የምትጠብቁ ወይም የምታስጠኑ ትኖራላችሁ። ሕፃናት ምክራችሁን ከመስማታቸው በፊት አድራጎታችሁን ያያሉ። እንግዲህ ስማቸውን እወቁ፤ ቅሬታቸውን አድምጡ፤ በእነርሱ ላይ የምታጸኑትን ደንብ በራሳችሁም ላይ አጽኑ።