የመካን ጥም የቆረጡ እመቤት

በእስልምና ታሪክ ስለ ኸሊፋዎችና ስለ ጦር መሪዎች ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። የአንዲት ሴት ሥራ ግን እየፈረሰና እየተጠገነ ከሺህ ዓመት በላይ ሐጃጆችን ሲያጠጣ ኖሮ፣ ዛሬ ስማቸውን ለይቶ የሚያውቅ ወጣት ጥቂት ነው። እኒህ ሴት ዙበይዳ ቢንት ጀዕፈር ናቸው።

ዙበይዳ የዐባሲያው ኸሊፋ የአል-መንሱር የልጅ ልጅ ነበሩ። አል-መንሱር እ.ኤ.አ. በ762 የባግዳድን ከተማ የቆረቆሩት ናቸው። የሴትየዋ ትክክለኛ ስም አመት አል-ዐዚዝ ሲሆን፣ ዙበይዳ ያሏቸው በሕፃንነታቸው ያጫውቷቸው የነበሩት አያታቸው ናቸው። ቃሉ በዐረብኛ ከቅቤ የተገኘ የቁልምጫ ስም ነው፤ ይኸውም ቀላና ወፈር ያሉ ሕፃን ስለነበሩ ነው ይባላል። በ165 ዓመተ ሂጅራ የአጎታቸውን ልጅ ሃሩን አር-ረሺድን አገቡ። ሃሩን እ.ኤ.አ. በ786 ኸሊፋ ሲሆኑ ዙበይዳ በዘመኑ ከነበሩ ሴቶች ሁሉ በሀብትና በክብር ላቅ ያሉ ሆኑ።

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ዙበይዳ ጌጥና ልብስ ብዙ ጽፈዋል። ነገር ግን ስለ ቤታቸው የተጻፈ ሌላም ነገር አለ። ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ መቶ ሴቶች በቤተ መንግሥታቸው ነበሩ፤ ሲቀሩም ከቤቱ የሚወጣው ድምፅ የንብ ቀፎ ድምፅ ይመስል ነበር ይባላል። እንግዲህ ሀብትና ዲን በአንድ ቤት ተስማምተው መኖር እንደሚችሉ ከዚህ እንረዳለን።

ዙበይዳ ለሐጅ መካ በሄዱ ጊዜ ያዩት ነገር ሕይወታቸውን ለወጠው። ዝናብ ጠፍቶ፣ የዘምዘም ውሃ ለነዋሪውም ለእንግዳውም አልበቃ ብሎ፣ አንድ አቁማዳ ውሃ በአንድ የወርቅ ዲናር እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር። ባለጸጋው ገዝቶ ይጠጣል፤ ድሃውና የድሃው ልጅ ግን ምን ይጠጡ? የሚያሳዝነው ደግሞ መካ ራሷ የተቆረቆረችው በውሃ ሰበብ መሆኑ ነው። ሕፃኑ ኢስማዒል በጥም ሲያለቅሱ፣ እናታቸው ሃጀር በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ተመላልሰው ውሃ ፈልገዋል። ሐጃጅ ሁሉ ሰዕይ ሲያደርግ የሚረግጠው የዚያችን እናት መንገድ ነው። በዚያች ከተማ እናቶች እንደገና ለልጆቻቸው ውሃ ሲያጡ ማየት ለዙበይዳ የሚቻል አልሆነም።

ለአንድ ሰሞን ውሃ ገዝተው አከፋፍለው ቢመለሱ ማንም ባልወቀሳቸው ነበር። እርሳቸው ግን ጊዜያዊውን ሳይሆን ዘላቂውን መረጡ። መሐንዲሶችንና ሠራተኞችን ከየአገሩ አሰባሰቡ፤ ከመካ በስተምሥራቅ ካለው ከሁነይን ሸለቆ ምንጮቹን ገዝተው፣ ውሃው ተራራውን ተሻግሮ ወደ ከተማይቱ የሚገባበትን ቦይ አስቆፈሩ። ከነዕማን ሸለቆም ሌላ ቦይ ወደ ዐረፋ አስመጡ። ቦዩ በድንጋይ ተገንብቶ፣ ውሃ በማያሳልፍ ኖራ ተለስኖ፣ ከላይም ተከድኖ ነበር። የተከደነበት ምክንያት ውሃው በፀሐይ እንዳይተን፣ አሸዋና ቆሻሻም እንዳይገባበት ነው። በየመሐሉ ለጽዳትና ለጥገና መውረጃ የሚሆኑ ጉድጓዶች ተተዉ። የዛሬ ጤና ባለሙያዎች ምንጭ ይታጠር፣ ውሃ ይከደን የሚሉትን ምክር የዚያ ዘመን መሐንዲሶች ከ1,200 ዓመት በፊት ሠርተውበታል።

ወጪው እጅግ ከባድ ነበር። 1,700,000 ዲናር እንደፈጀ ተጽፏል። ገንዘብ ያዣቸው ወጪው እንደከበደ ቢነግራቸው፣ እያንዳንዱ የመቆፈሪያ ምት አንድ ዲናር ቢያስወጣም እንኳ ሥራው እንዲቀጥል አዘዙ ይባላል። ሥራው ተጠናቆ የሒሳቡ መዝገብ ሲቀርብላቸውም፣ ሒሳቡን ለሒሳብ ቀን ትተናል ብለው መዝገቡን ወደ ወንዝ እንዳስጣሉት ይተረካል።

ልግስናቸው በመካ ብቻ አልተወሰነም። ከኩፋ ወደ መካ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል በሚዘልቀው የበረሃ መንገድ ላይ ጉድጓዶችንና ቢርካዎችን አሠርተዋል። መንገዱም እስከ ዛሬ በስማቸው ደርብ ዙበይዳ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1184 አካባቢ በዚያ ያለፈው የአንዳሉሱ ተጓዥ ኢብን ጁበይር፣ በእነዚያ ውሃዎች ባይሆን ኖሮ መንገዱ ባልተሄደበት ነበር በሚል መንፈስ አመስግኗቸዋል። ይህ ቢርካ የሚለው ቃል ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በሶማሌ ክልል ያሉ ወገኖቻችን የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበትን ጉድጓድ እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።

ዙበይዳ ኀዘንም አልቀረላቸውም። ሃሩን ካረፉ በኋላ ኸሊፋ የሆነው ልጃቸው አል-አሚን ከወንድሙ ከአል-መእሙን ጋር ተዋግቶ እ.ኤ.አ. በ813 ተገደለ። ለበቀል እንዲነሱ የጎተጎቷቸው ነበሩ፤ እርሳቸው ግን የሙስሊም ደም እንደገና እንዲፈስ አልፈቀዱም። እ.ኤ.አ. በ831 (በ216 ዓመተ ሂጅራ) በባግዳድ አረፉ። አላህ ይዘንላቸው።

የሠሩት ቦይም ያለ ጠባቂ አልኖረም። ጎርፍ ሲያፈርሰውና ደለል ሲሞላው በየዘመኑ የተነሡ ሰዎች ጠግነውታል። በ1560ዎቹ የዑስማኒያው ሱልጣን የሱለይማን ልጅ ሚህሪማህ ወጪውን ችለው ሥራው በሰፊው ታድሷል። አንዲት ሴት የጀመሩትን ሌላዋ ሴት ከ700 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ አነሡት ማለት ነው። ውሃ ማውጣት ግማሽ ሥራ ነው፤ ግማሹ መጠበቅ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለትዝታ ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ 440 ሺህ ያህል ሕፃናት በየዓመቱ በተቅማጥ ይሞታሉ። አብዛኛው በንጹሕ ውሃና በንጽሕና ሊከለከል የሚችል ሞት ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ከባሌ ዞን የተነሣው ኮሌራ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቶ የብዙዎችን ሕይወት ቀጥፏል።

መስጊድ መሥራት ታላቅ ዒባዳ ነው፤ ይህን የሚያቃልል ሙስሊም የለም። ነገር ግን የመስጊዱ ሚናራ ከሩቅ እየታየ፣ የጎረቤቱ ሕፃን ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ በጀሪካን የተቀዳ ውሃ እየጠጣ ቢታመም፣ ጀመዓው ምን ብሎ ይመልሳል? በየመንደሩ የምናዋጣው ገንዘብ ከሚናራው በፊት ስለ ውሃው ቢያስብ፣ ለውዱእ የተቆፈረው ጉድጓድ ተከድኖ ለጎረቤት ሁሉ፣ ሙስሊም ላልሆነውም ጭምር፣ ቢከፈት፣ ለተሰበረ የእጅ ፓምፕ መለዋወጫ የሚሆን ገንዘብ በኮሚቴ ቢያዝ፣ ይህ ሁሉ ሶደቀቱል ጃሪያ ነው። ከውጭ አገር ሆነው ለወላጆቻቸው መታሰቢያ የሚልኩ ወንድሞችና እህቶችም ሲልኩ ለማስቆፈሪያው ብቻ ሳይሆን ለጥገናውም ቢያስቡ መልካም ነው። ዳዒዎቻችን ደግሞ ውሃን ማፍላትና በክሎሪን ማከም፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ኦ.አር.ኤስ. ፈጥኖ ማጠጣት ነፍስ ማዳን መሆኑን በጁሙዓ ኹጥባ ቢያስተምሩ ማን ይከለክላቸዋል?

የዙበይዳን ያህል ወርቅ የለንም። ይሁን እንጂ ቦዩን ያስቆፈረው ወርቁ ብቻ አልነበረም፤ የሌላው ሰው ልጅ ጥም የራስ ጥም ሆኖ መሰማቱም ነው። ይህ ደግሞ ከድሃም አይጠፋም። አላህ ለመልካም ሥራ ይወፍቀን። አሚን።