ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የሥራ ሚዛን

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ከአገራቸው ወደ ምፅዋ ተሰደው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠሩ። ከዚያም በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በአንድ የኦስትሪያ ቤተ ሰብ ዘንድ አደጉ፤ የጀርመንንም ቋንቋና የዘመኑን ዕውቀት ቀሰሙ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በአስተርጓሚነት አገለገሉ። በኋላም የባቡር ሐዲዱ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ፤ ይኸውም የባሕሩ ንግድ በእጃቸው የሚያልፍበት ሹመት ነበር።

«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን፣ ሥራም የሚያፈራው በዕውቀት መሆኑን አስረዱ። መሣሪያ ያለው ሕዝብ በአንድ ቀን የሚሠራውን፣ መሣሪያ የሌለው በብዙ ቀን ድካም ይሠራዋል። ሁለቱ በገበያ ሲገናኙ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ቀን ሥራ ይለወጣል፤ ድኻውም እየደከመ ይደኸያል።

የዚህን ነገር ሥር ለመመርመር የደባርቅን ገበያ ማሰብ ይበቃል። የስሜን ገበሬ ገብሱን፣ ሸማኔው ጋቢውን ይዘው ይገናኛሉ። ማረስና መሸመን በመልካቸው አይመሳሰሉም፤ ሆኖም ገበያው አንዱን በሌላው ይተምናል። ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 በታተመው «ካፒታል» ይህን ሲተነትን፣ በሸቀጥ ውስጥ ያለው ሥራ ሁለት ገጽታ እንዳለው አስረዳ። አንዱ ጋቢውን ጋቢ የሚያደርገው ተጨባጭ ሥራ ነው። ሌላው የሥራው ዓይነት ተረስቶ፣ የሰው ጉልበትና አእምሮ ወጪ መሆኑ ብቻ የሚቆጠርበት ረቂቅ ሥራ ነው። የእሴቱም መለኪያ አንዱ ሸማኔ የፈጀው ሰዓት ሳይሆን በኅብረተሰቡ ዘንድ በአማካይ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ስለዚህ የፋብሪካ አቡጀዲ ከገበያው ሲደርስ፣ የሸማኔው እጅ ሳይሰንፍ የቀን ሥራው ዋጋ ይወድቃል።

ነጋድራስ ይህንኑ ውድቀት በሕዝቦች መካከል አዩት። የሁለቱ ሰዎች መንገድ ግን ከዚህ ይለያያል። ማርክስ ሥራ የእሴትን መልክ የሚይዘው ሰዎች በሸቀጥ ልውውጥ ሲተሳሰሩ መሆኑን አመልክቶ፣ መሣሪያው የማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ነጋድራስ ደግሞ ዕውቀቱ በየትኛው ሕዝብ እጅ ነው ብለው ይጠይቃሉ፤ መፍትሔውንም በትምህርት፣ በጉምሩክ ሥርዓት መስተካከልና በአስተዳደር መታረም ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ከተዘለለ ዕውቀቱ የጥቂቶች ሀብት ሆኖ ይቀራል፤ ሁለተኛው ከተዘለለ ግን የሚከፋፈለው ሀብት ራሱ አይገኝም።

ነጋድራስ በ1911 ዓ.ም. ገና በ30ዎቹ ዕድሜያቸው ዐረፉ። መጽሐፋቸው ታትሞ የወጣው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። የሙያ ባልደረቦቻችን የውጭ ንግዱን ሚዛን በገንዘብ ሲያሰሉ፣ ወጪና ገቢ እኩል በሆኑበት ዓመት እንኳ በእያንዳንዱ ወገን ስንት የሥራ ቀን እንደ ሄደ መጠየቅን ከእኚህ ሰው ይማራሉ።