ወይን ጠባቂው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ

ጥምቀት ዘወትር ጥር 11 ቀን ሲውል፥ ትንሣኤ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 የሚመላለስበትን ምክንያት ስመረምር የድሜጥሮስን ታሪክ አገኘሁ።

ድሜጥሮስ በእስክንድርያ አገር የወይን ገበሬ ነበረ፤ ትውፊት ፊደል ያልቈጠረ ነበር ይለዋል። ሊቀ ጳጳሳቱ ዩልያኖስ ሊያርፍ ሲል፥ ያለ ወቅቱ የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣው ሰው እንደሚተካው በራእይ ተነገረው። ዘለላውን ይዞ የመጣው ድሜጥሮስ ሆነ። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ189 ዓ.ም. 12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ተሾመ፤ በመንበሩም 43 ዓመት ያህል ቈየ።

ዐቢይ ጾም ከሰኞ፥ ስቅለት ከዓርብ፥ ትንሣኤ ከእሑድ እንዳይወጡ አጥብቆ ይመኝ ነበርና ከሌሊቱ 23፥ ከቀኑ 7 ሱባዔ ገባ ይባላል። አንድ ሱባዔ 7 ቀን ነው። 23 በ7 ተባዝቶ 161፥ ይህም በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይኸውም አበቅቴ ነው። 7 በ7 ተባዝቶ 49፥ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ይኸውም መጥቅዕ ነው።

እኔን የሒሳብ ተማሪውን ያስደነቀኝ፥ የፀሐይ ዓመት 365፥ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ ልዩነቱ ያው 11 መሆኑ ነው። ቀመሩን በኋላ ዘመን ሊቃውንት ቢያሰፉትም፥ ባሕረ ሐሳብ የሚማር ሁሉ ስሙን ያነሣል። አንድ ገበሬ ስለ ወገኖቹ አንድነት ስለ ተጨነቀ፥ ዛሬም ከተሜውና ባላገሩ፥ ባለጠጋውና ድኻው በአንድ ሌሊት ጾማቸውን ይፈታሉ።