ልጇን 47 ዓመት የፈለገችው እናት

የአባቴን ወገን እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የተማርኩት ገና ፊደል ሳልጨርስ ነው። አያቴ ፊት ቆሜ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ እወርደው ነበር። በቅርቡ ግን የእናቴ እናት እናት ማን ትባል እንደነበር ስጠይቅ ቤቱ ጸጥ አለ። የሚያውቅ ጠፋ። ከስማችን ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ስለሆነ የሴቶቹ መስመር እንደዚህ በቀላሉ ይበጠሳል።

ይሄ ነገር እየከነከነኝ እያለ ነው የክላራ ብራውንን ታሪክ ያገኘሁት። እስቲ ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክላራ በ1800 ገደማ አሜሪካ ውስጥ፣ ቨርጂኒያ፣ በባርነት ተወለደች። ልጅ ሳለች ከእናቷ ጋር አምብሮስ ስሚዝ ለሚባል ሰው ተሸጠች፤ እሱም ወደ ኬንታኪ ይዟቸው ሄደ። 18 ዓመት ሲሆናት እንደ እሷው በባርነት የሚኖር ሪቻርድ የሚባል ሰው አገባች። አራት ልጆች ወለዱ፤ ሪቻርድ፣ ማርጋሬት፣ መንታዎቹ ፖሊና አንና ኤሊዛ ጄን። ፖሊና በልጅነቷ ውኃ ወሰዳት።

በ1835 ስሚዝ ሞተ። ንብረቱ ጨረታ ወጣ። ንብረት ሲባል እነ ክላራም አሉበት። ባሏ ለአንዱ፣ ልጆቿ ለሌላ ለሌላው ተሸጡ። ኤሊዛ ጄን ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ገደማ ነበረች። ክላራን የገዛት ጆርጅ ብራውን የሚባል ባርኔጣ ሠሪ ነው። ብራውን የሚለው ስሟም የመጣው ከእሱ ነው። ልብ በሉ፣ የእኛ ሁለተኛ ስም ማን እንደወለደን ይናገራል፤ የእሷ ግን ማን እንደገዛት።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ካፒታል፣ ዋጋ፣ ውርስ የሚሉ ቃላት ክፍል ውስጥ ንጹሕ ሆነው ነው የሚቀርቡት። በዚያ ዘመን የሟች ንብረት መዝገብ ላይ ግን ሰው ከበቅሎና ከማረሻ ጋር፣ አጠገቡ ዋጋው ተጽፎ ይገኛል። በ1850 እና በ1860 በተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች በባርነት የነበሩ ሰዎች የተመዘገቡት በባለቤታቸው ስም ሥር፣ በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ነው፤ የራሳቸው ስም በአብዛኛው የለም። ጥቁር አሜሪካውያን በአጠቃላይ በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። ለዚህ ነው ዛሬም ዘራቸውን የሚፈልጉ ቤተሰቦች እዚያ ዓመት ላይ ሲደርሱ ግድግዳ የሚገጥማቸው። ከዚያ ወደ ኋላ ለመሄድ የአያታቸውን ሳይሆን የአያታቸውን ጌታ ስም ይዘው፣ ኑዛዜና የሽያጭ ደረሰኝ ማገላበጥ አለባቸው።

ክላራ ግን ይሄን ፍለጋ የጀመረችው ማንበብና መጻፍ ሳትችል ነው።

ጆርጅ ብራውን በ1856 ገደማ ሲሞት ነፃ ወጣች። በጊዜው የኬንታኪ ሕግ ነፃ የወጣ ጥቁር ግዛቱን ለቅቆ እንዲሄድ ያስገድድ ነበር። እሷም ወደ ምዕራብ አቀናች። በ1859 ወርቅ ፍለጋ ወደ ኮሎራዶ ከሚጓዙ ሰዎች ጋር በምግብ አብሳይነት ተቀጠረች። ከካንሳስ እስከ ዴንቨር 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ መቀሌ ካለው መንገድ ይበልጣል። በበሬ ከሚጎተቱት ጋሪዎች ጎን አብዛኛውን በእግሯ ሄደችው። ዕድሜዋ 60 ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ሴንትራል ሲቲ በምትባል የተራራ ከተማ ልብስ አጠባ ከፈተች። ሌላው ወርቅ ሲቆፍር እሷ የቆፋሪዎቹን ሸሚዝ አጠበች፤ አንዱን በ50 ሳንቲም ይባላል። ያገኘችውን ቤትና መሬት ላይ አዋለች፤ ማዕድን ፍለጋ ላይም ድርሻ ያዘች። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያልቅ 10,000 ዶላር ያህል አጠራቅማ እንደነበር ይነገራል። ሒሳቡን ልሥራላችሁ። በሸሚዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ 20,000 ሸሚዝ ነው፤ ያውም ሳሙናና ምግብ ሳይቀነስ።

ያን ሁሉ ምን አደረገችበት? ባርነት ሲቀር ወደ ኬንታኪ ተመልሳ ልጇን ፈለገች። አላገኘቻትም። ማርጋሬት እንደሞተች አወቀች፤ የወንድ ልጇ ዱካ ጠፋ። ኤሊዛ ጄንም ብትሆን በእናቷ ስም የምትጠራ አልነበረችም፤ ተሽጣለች፣ በኋላም አግብታለች። ክላራ ግን ባዶ እጇን አልተመለሰችም። ከባርነት የወጡ ሰዎችን ወጪያቸውን ችላ ይዛ ወደ ኮሎራዶ መጣች። ለታመመ፣ ለተራበ፣ ሥራ ላጣ ቤቷ ክፍት ስለነበር ገንዘቡ ቀስ በቀስ አለቀ። ከተማው ሁሉ አክስት ክላራ ይላት ነበር። የሥጋ ዘመዶቿን የነጠቋት ሴት የከተማ አክስት ሆነች።

በ1882 ኤሊዛ ጄን የምትባል ሴት አዮዋ ውስጥ፣ ካውንስል ብላፍስ፣ እንደምትኖር ወሬ ደረሳት። ያኔ ክላራ 80 ዓመት አልፏት፣ ገንዘቧ አልቆ ነበር። በሰዎች እርዳታ ባቡር ተሳፍራ ሄደች። ከጨረታው ቀን 47 ዓመት በኋላ እናትና ልጅ ተገናኙ። መንገዱ ጭቃ ነበርና እንደተቃቀፉ እዚያው ወደቁ ይባላል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1885፣ ክላራ ዴንቨር ውስጥ አረፈች። የኮሎራዶ ቀደምት ሰፋሪዎች ማኅበር አባል ካደረጋቸው ሰዎች አንዷ ሆና በክብር ተቀበረች። ዛሬ በዴንቨር የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ምስሏ በባለ ቀለም መስታወት ተሠርቶ ይታያል። ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ሐበሾች ካላያችሁት ጎራ በሉ።

እኔ ደግሞ ባለፈው እሑድ ገጠር ላለች የእናቴ አክስት ደወልኩ። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቆራረጠ። በአራተኛው የቅድመ አያቴን ስም ነገረችኝና ለምን እንደፈለግኩት ጠየቀችኝ። ስልኬ ላይ እየጻፍኩት ስለነበር ቶሎ አልመለስኩላትም።