ፓሪሳዊው ሕመምተኛ በጎንደር የዛር ቤት

ሚሼል ሌሪስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 በፓሪስ ከተማ ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ገና በወጣትነቱ ሱሪያሊስት ከተባሉት ባለቅኔዎች ማኅበር ገብቶ ስሙ ታወቀ። ዳሩ ግን ዝናው ለነፍሱ ዕረፍት አልሰጠውም። ራሱን ይንቅ፣ ሞትን ይፈራ፣ የጻፈውም ሁሉ ከንቱ መስሎ ይታየው ነበር። በ1929 አድሪያን ቦሬል ወደ ተባለ ሐኪም ሄዶ የፍሮይድን ፈለግ በተከተለ የአእምሮ ሕክምና ይረዳ ጀመር። ማርሴል ግሪዮል ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን አቋርጦ ለሚመራው የጥናት ጉዞ ጸሐፊ እንዲሆን በጋበዘው ጊዜ ሐኪሙ አበረታታው። ሌሪስም አፍሪካን እንደ መድኃኒት ቆጥሮ በ1931 ተነሣ።

በ1932 ክረምት ጓዙ ከሱዳን በመተማ በኩል ጎንደር ገባ፤ እስከ ዓመቱ መገባደጃም በዚያው ሰነበተ። ሌሪስ ወይዘሮ መልካም አያሁ የሚባሉ የታወቁ ባለዛር ቤት ደንበኛ ሆነ። በቋንቋም በምርምርም የረዱት ሊቁ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ።

ጠበል የሄደ ሕመምተኛ የያዘው መንፈስ ለቆት እንዲወጣ ይጸለይለታል። የዛር ቤት ፈውስ ግን ሌላ መንገድ አለው። በዚያ ቤት ሕመምተኛው የዛሩ ፈረስ ነው። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ከበሮው ይመታል፤ ፈረሱ ትከሻውን እየነቀነቀ ሲያጓራ ባለዛሯ መንፈሱን ማን እንደ ሆነ፣ ከወዴት እንደ መጣ፣ ምን እንደሚሻ ይጠይቁታል። እርሱም ስሙን ይናገራል፤ ይፎክራል፤ ጌጥ ወይም በግ ይጠይቃል። ድርድሩ ረዥም ነው። በመጨረሻ ሲስማሙ ጠላት የነበረው መንፈስ ጠባቂ ውቃቢ ይሆናል። ከቤት አይባረርም፤ መቀመጫ ይሰጠዋል እንጂ።

በወይዘሮ መልካም አያሁ ላይ የሚያድሩት መናፍስት ብዙ ነበሩ፤ አባ ዮሴፍ፣ አባ ቆስቆስ፣ ሻንቂትም ከእነዚያ መካከል ናቸው። ወይዘሮዋ እንደ ጊዜውና እንደ እንግዳው አንዱን ያስነሡ፣ ሌላውን ያሳርፉ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ልብ የምትነካው ሻንቂት ናት። እርሷ ጥቁር አገልጋይ ናት፤ ስሟም ደገኛው የጉሙዝንና የበርታን ሰዎች ያዋርድበት የነበረውን ስም ያስታውሳል። ከመተማ ደቡብ እስከ አሶሳ የተዘረጋው፣ ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚባለው ቆላ፣ ለብዙ ዘመን የባሪያ ፈንጋዮች መዋያ ነበር፤ ባርነት በኢትዮጵያ ሕግ ፈጽሞ የተሻረውም ሌሪስ ጎንደርን ከለቀቀ ከ10 ዓመት በኋላ በ1942 ነው። እንግዲህ በአደባባይ ድምፅ ያልነበራት ባሪያ በዛር ቤት በእመቤት አፍ ትናገር ነበር። ኅብረተሰቡ አሽቀንጥሮ የጣለው ወገን በነፍስ በኩል ተመልሶ የራሱን ድርሻ የጠየቀ ያህል ነው። ይህ ግን የቆላውን ባሪያ ነፃ አላወጣም፤ ሻንቂት በመናፍስቱም ጉባኤ ያው አገልጋይ ነበረች።

ሌሪስ ብዙ ሌሊት በዚያ ቤት አነጋ። ስለ እርሱ እንስሳ ታረደ፤ ደሙንም ቀመሰ። የወይዘሮዋን ልጅ እማዋይሽን በልቡ ወደደ፤ ፍቅሩ ግን የትም አልደረሰም። በዛር የተያዙትን ከማጥናት ይልቅ ራሱ ቢያዝ እንደሚመርጥ በማስታወሻው ላይ አልሸሸገም፤ ነገር ግን እርሳሱን ከእጁ አላስቀመጠም። ጓደኞቹም በዚያው ወራት የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች አንሥተው በምትካቸው ቅጂ አኖሩ፤ ዋናዎቹም ወደ ፓሪስ ተጫኑ። እንዲህ ካለ ጓዝ ጋር የሚጓዝ ሰው ባስተናገደው አገር ፈውስ ማግኘቱ ቀላል አይሆንም።

ማስታወሻው በ1934 ታትሞ ግሪዮልን አስቆጣ፤ በጦርነቱም ዘመን የቪሺ መንግሥት አገደው። የሌሪስ ቁስል ግን አልጠገገም። በ1957 ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ሐኪሞች ከሞት አፋፍ መለሱት። በዓመቱ፣ ጎንደርን ካየ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ ስለ ጎንደር ዛር የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። በእርሱ አስተያየት ዛር ተራ ማታለል አይደለም፤ ተራ በሽታም አይደለም። ሰው በውስጡ ያሉትን ልዩ ልዩ ጠባዮች እንደ ልብስ እያፈራረቀ የሚለብስበት፣ የሚኖሩት ቴአትር ነው። በዚያው በ1958 አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግም የኢትዮጵያን ዛር እንደ ኅብረት ሕክምና ቆጥሮ ጽፏል።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሪቻርድ ሽዋርትዝ የተባለ አሜሪካዊ የቤተሰብ ሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ ለዚህ የሚቀርብ ዘዴ አስፋፍቷል። ሰው አንድ ወጥ ሳይሆን በውስጡ ቤተሰብ የሚያህሉ ወገኖች አሉት፤ የሚከላከሉ አሉ፣ ሥቃይ ተሸክመው የተሰደዱም አሉ ይላል። ሐኪሙ እያንዳንዱን ወገን ምን እንደሚፈራና ምን እንደሚሻ ይጠይቀዋል እንጂ አይዋጋውም። ሽዋርትዝ በግ አያሳርድምና መመሳሰሉን ከልክ በላይ መሳብ አይገባም። ሆኖም ጥያቄው የወይዘሮ መልካም አያሁ ጥያቄ ነው።

ሌሪስ የራሱን ወገኖች ያነጋገረው በብዕር ነው። «የጨዋታው ሕግ» በተባለውና ከ1948 እስከ 1976 በ4 ቅጽ ባወጣው የሕይወት ታሪኩ ፈሪውን፣ አፍቃሪውን፣ ራሱን ከሳሹን ሌሪስ በየተራ አቆማቸው። ሙሉ ዕረፍት አገኘ ለማለት አያስደፍርም፤ ይሁን እንጂ ከ1957 በኋላ 33 ዓመት ኖሮ በ1990 በ89 ዓመቱ አረፈ።